የጣልያን ልጆች ቴሌቪዥን በስደት ቤት፦ አያት ሌላ፣ ቴሌቪዥኑ ሌላ፣ ልጁ ሌላ

ቡና_ቁርስ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄም ነው ትዝብትም ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከቶሮንቶ ከፍ ብሎ ዉድብሪጅ የሚባል ጣልያን የሞላበት ሰፈር አለ። እዚያ አንድ ቤት ልጅ እይዛለሁ። ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው። አያቱ በ1961 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) በ13 ዓመታቸው ከደቡብ ጣልያን፣ ከካላብሪያ ገጠር የመጡ ሴትዮ ናቸው። እኔ ደግሞ ካናዳ ከመግባቴ በፊት ሮም አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ፣ ጣልያንኛዬ ክፉ አይደለም። እና ምን ሆነ መሰላችሁ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ከአያትየዋ ጋር ቁጭ ብዬ ጣልያንኛ የማወራው እኔ ብቻ ሆንኩ። ልጃቸው ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። የልጅ ልጅየው ጭራሽ።

እናትየዋን ግን ይቆጫታል። የጣልያን ቻናሎች ላሉበት ጥቅል በየወሩ ትከፍላለች፣ ታብሌቱም ላይ ካርቱኑን ሁሉ በጣልያንኛ አድርጋለታለች። ጠዋት ስትወጣ "ጣልያንኛውን ክፈችለት እሺ?" ትለኛለች፣ ልክ ሽሮፕ ስጪው እንደማለት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ምድር ቤት ነበርን። (እዚህ ብዙ የጣልያን ቤት ሁለት ኩሽና አለው፣ ላይኛው ለዓይን፣ ምድር ቤቱ ለሥራ። ላይኛው ላይ ሽንኩርት ሲቁላላ አይቼ አላውቅም።) አያትየዋ ባቄላ ይፈለፍላሉ። ልጁ ምንጣፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ ፔፓ ፒግን በጣልያንኛ ያያል። አሳማዋ ጭቃ ውስጥ ስትዘል አያትየዋ ሳቅ ብለው አንድ ነገር አሉ፣ በአገራቸው አነጋገር፣ ለኔም ግማሹ አልገባኝም። ልጁ አንገቱን አዙሮ በእንግሊዝኛ "ምን አለች?" አለ። ማንን ነው የሚጠይቀው? እኔን! የኮልፌዋን ልጅ!

እና ጥያቄዬ፦ ያ ሁሉ ቴሌቪዥን የት ገባ? ጣልያኖች እኮ ከኛ በፊት ነው ይሄን የሞከሩት፣ ቻናል አላቸው፣ መንግሥት አላቸው፣ ገንዘብ አላቸው። እኔም የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ፣ እራት ስሠራ አማርኛ ዩቲዩብ ከፍቼላት ነው የምሄደው። ራሴን እያታለልኩ ነው ወይ?

ቦሎኛ98፦
እኔ ከወዲያኛው በኩል ነኝ። ቦሎኛ ነው የተወለድኩት፣ እናቴ የደሴ ልጅ ናት። እኛ ቤት የልጆች ቴሌቪዥን ጣልያንኛ አስተምሯል፣ ግን እኔን ሳይሆን እናቴን ነው።

ላ ሜሌቪዚዮኔ የሚባል ፕሮግራም ነበር፣ በ1999 የጀመረ፣ ፋንታቦስኮ በሚባል የተረት ጫካ ውስጥ የሚካሄድ። ቶኒዮ ካርቶኒዮ የሚባል ፎሌቶ አለ (ፎሌቶ የጫካ ትንሽ መንፈስ በሉት)፣ ካርቶንና ክር ይዞ ነገር እየሠራ ያወራል። እማዬ ከሥራ ትመጣና ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ቁጭ ትላለች። ለልጅ ስለሆነ ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት፣ ያሉትን ነገር ደግሞ በእጃቸው ያሳያሉ። እስካሁን ቤታችን የሚሳቅበት ነገር፣ እማዬ "ፎሌቶ" ምን እንደሆነ ያወቀችው "ቦሌታ" ምን እንደሆነ ከማወቋ በፊት ነው። የመብራት ቢሉ መጥቶ ሁለት ወር ፍሪጅ ላይ ተቀመጠ።

ልዩነቱ የሚመስለኝ፣ እማዬ በነጋታው ቃሉን ትፈልገዋለች። አሠሪዋ ሙጫ አምጪ፣ መቀስ አምጪ ትላታለች። ያንቺ ልጅ ግን ማን ምን አምጣ ይለዋል በጣልያንኛ?

ሚስማር፦
አምስት ዓመት ወረውን፣ አሁን ደግሞ ልጆቻቸው ቋንቋ ረሱ ብለን እናልቅስላቸው? ካካካ

የድሮ_ሬዲዮ፦
ሚስማር፣ ሌላ ክር ክፈትና እዚያ ተዋጋ።

ቡና ቁርስ እህቴ፣ አያትየዋ ያሉት ያልገባሽ ጣልያንኛሽ ደክሞ አይደለም። የካላብሪያ አነጋገር ራሱን የቻለ ነገር ነው። ቴሌቪዥኑ በ"ኦ" የሚጨርሰውን እነሱ በ"ኡ" ነው የሚጨርሱት፣ ቃሉም ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። እኔ ጣልያንኛ ያነበብኩት ለሥራ ነው፣ ግን ይሄ ታሪክ ስለሚገርመኝ ልንገርሽ።

ጣልያን በ1861 አንድ አገር ስትሆን ጣልያንኛ የሚናገረው ሰው 2.5 በመቶ ብቻ እንደነበር ቱሊዮ ዴ ማውሮ የሚባለው የቋንቋ ምሁር ገምቷል። ሌሎች ከፍ ያደርጉታል፣ ቢሆንም ያው ትንሽ ነው። የቀረው ሕዝብ በየመንደሩ አነጋገር ነው የሚኖረው። ራይ (የጣልያን መንግሥት ጣቢያ) የቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በጃንዋሪ 1954 ነው፣ የልጆች ሰዓትም ያኔውኑ ነበረው። ከዚያ በ1960 አልበርቶ ማንዚ የሚባል አስተማሪ መጣ። ፕሮግራሙ "ኖን ኤ ማይ ትሮፖ ታርዲ" ይባላል፣ ለመማር መቼም አይመሽም እንደማለት። ፊደል ላልቆጠሩ ትልልቅ ሰዎች ነው። ሰውዬው ትልቅ ወረቀት ፊት ቆሞ በከሰል ይስላል፣ ስዕሉ ምን እንደሆነ ገና ሳይታወቅ እያወራ ይቀጥላል፣ ከዚያ ቃሉን ይጽፈዋል። እስከ 1968 ቆየ። ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሰው በዚያ ተምሮ የአንደኛ ደረጃ ወረቀት አገኘ ይባላል።

አሁን አስቢው። አያትየዋ መርከብ ላይ የወጡት አገሩ ከቴሌቪዥን ጣልያንኛ መማር እንደጀመረ ነው። እሳቸው ሄዱ፣ ቋንቋው ከኋላቸው መጣ። የልጅ ልጃቸው አሁን የሚሰማው ያንን እሳቸው ያልደረሱበትን ጣልያንኛ ነው። ስለዚህ ቻናሉ የአያቱን አፍ እያስተማረው አይደለም፣ ሦስተኛ ቋንቋ ነው የጨመረበት። ፔፓና አያቱ ለሱ ሁለት የተለያዩ የውጭ ሰዎች ናቸው።

ደቡብ ብራዚል ደግሞ ተቃራኒውን ታያለሽ። ከሰሜን ጣልያን፣ ከቬኔቶ የሄዱት ገበሬዎች ልጆች ታሊያን የሚባል የራሳቸውን አነጋገር ይዘው ቀሩ፣ በ2014 የብራዚል መንግሥት በቅርስነት መዘገበላቸው። ሮም ላይ የሚሠራ የልጆች ፕሮግራም የነሱን ቤት ቋንቋ አያውቀውም።

ጋራዥ_ልጅ፦
ከአዲስ አበባ ነው። እኔ የቴሌቪዥን ነገር አላውቅም፣ ግን ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ። ያ የቶሮንቶ ልጅ ከሚያውቀው ጣልያንኛ እኔ የማውቀው ሳይበልጥ አይቀርም። ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ። ጣልያን በዓይኔ አይቼ አላውቅም፣ አማርኛ ነው ብዬ ነው ያደግኩት። በ12 ዓመቴ ጋራዥ ስገባ ማስተሩ መኪና ሥር ተኝቶ እጁን ብቻ ያወጣል፣ "ካቻቢቴ!" ይላል። ካቻቢቴ ካላቀበልከው ኩርኩም ነው። በሳምንት አጠናቀቅኩት ሃሃ።

ልጅ ይመታ እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሳደቡ።

ቡና_ቁርስ፦
@ጋራዥ_ልጅ ገደልከኝ። አያትየዋ እኮ "ካቻቪቴ" ሲሉ ያው "ካቻቢቴ" ነው የምሰማው፣ የአጎቴ ሱቅ ትዝ ይለኛል።

የኮሎኙ፦
ጀርመንን ልጨምር። እዚህ የጣልያን ሠራተኞች ውል የተፈረመው በ1955 ነው፣ ከቱርኮቹ በፊት። በ60ዎቹ የሕዝብ ጣቢያዎቹ ለእንግዳ ሠራተኞች በየቋንቋቸው ፕሮግራም ጀመሩ፣ ኮሎኝ ላይ በጣልያንኛ የሬዲዮ ሥርጭት ነበር፣ ዜድዲኤፍ ቴሌቪዥን ላይም "ኮርዲያልሜንቴ ዳሊታሊያ" የሚባል ነበር። ግን ልብ በሉ፣ ሁሉም ለአባትየው ነው። ኳስ፣ ዘፈን፣ የአገር ቤት ወሬ። ያኔ ሐሳቡ እነዚህ ሰዎች ነገ ይመለሳሉ ነው፣ ልጅ ይወልዳሉ ብሎ ያሰበ የለም።

ለልጅ የተደረገችው አንዲት ትንሽ ነገር ደስ ትለኛለች። እሁድ ጠዋት የምትመጣ ብርቱካናማ አይጥ አለች፣ ዲ ዜንዱንግ ሚት ዴር ማውስ፣ ከ1971 ጀምሮ። መክፈቻው ላይ የዕለቱ ዝርዝር መጀመሪያ በጀርመንኛ ይነበባል፣ ከዚያ ያው ነገር እንደገና በሌላ አገር ቋንቋ። ይሄ በ70ዎቹ የመጣው ለነዚያ ሠራተኞች ልጆች ተብሎ ነው፣ ቱርክኛ፣ ጣልያንኛ፣ ስፓኒሽ። ሲያልቅ "ይሄ ጣልያንኛ ነበር" ይላል። በቃ። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አብሮኝ የሚሠራ የ50 ዓመት ሰው፣ ወላጆቹ ከሲሲሊ፣ በልጅነቱ እሁድ እሁድ የሱ ቋንቋ ሲወጣ ወንድሞቹን በጩኸት ይጠራ ነበር። ክፍል ውስጥ ጀርመኖቹ ልጆች በነጋታው "ያ ያንተ ነው?" ብለው ጠየቁት። ከሙሉ ቻናል ይልቅ ያ ግማሽ ደቂቃ የበለጠ ሳይሠራለት አልቀረም ብዬ አስባለሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ልጅ ሰምቶታል።

የኔ ልጅ አሁንም እሁድ እሁድ ይገምታል። "አባዬ የኛ መቼ ነው?" ይለኛል።

ዙሪክ_ናፋቂ፦
የሰው ጓዳ መግባት አይሁንብኝና እኔ የምሠራው አረጋውያን ጋ ነው፣ ግማሾቹ ጣልያኖች ናቸው። ስዊዘርላንድ ለነሱ "ኡኖራ ፐር ቮይ" የሚባል ፕሮግራም ነበራት፣ "አንድ ሰዓት ለእናንተ" ማለት ነው፣ ከሉጋኖ ከራይ ጋር እየተሠራ ከ1964 እስከ 1989 የቆየ። ትልልቆቹ ስለሱ ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል።

ግን አንድ ሽማግሌ የነገሩኝን አልረሳውም። ያኔ የወቅት ሠራተኛ ፈቃድ የሚባል ነበር፣ በዓመት ዘጠኝ ወር ትሠራለህ፣ ቤተሰብ ማምጣት ክልክል ነው። ሕጉ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ2002 ነው። ሰዎች ግን ልጆቻቸውን ደብቀው ያመጡ ነበር። እሳቸው አንዱ ነበሩ፣ የሰባት ዓመት ልጅ። እናትና አባት ፋብሪካ ሲሄዱ በሩ ይቆለፋል፣ መስኮት ጋ አትቁም፣ አትሩጥ፣ ውኃ አታፍስስ። የሚጫወቱት አልጋ ላይ ነበር፣ ወለሉ ድምፅ ስለሚያሰማ። የታችኛው ፎቅ ሴትዮ ቴሌቪዥን ነበራት፣ ቅዳሜ ፕሮግራሙ ሲመጣ ጣልያንኛው በወለሉ በኩል ይሰማቸዋል፣ ጆሯቸውን ለጥፈው። "አንድ ሰዓት ለእኔ አልነበረም፣ ግን እኔም ሰማሁት" አሉኝ። አሁን ጣልያንኛቸው እንደ ውኃ ነው።

ሚስማር፦
እሺ ይሄኛው ከበደኝ። ይቅርታ።

ቲቪ_ጠጋኝ፦
እኔም ያለሁት እዚያው ቶሮንቶ አካባቢ ነው፣ ለ20 ዓመት ዲሽ ሰቅያለሁ፣ የጣልያኖቹን ጣሪያ ከራሴ ቤት በላይ ነው የማውቀው። ቴሌላቲኖ የሚባለው ቻናል በ1984 ነው የተከፈተው፣ ጣልያንኛና ስፓኒሽ በአንድ ቻናል። ልጆች ስንት ሰዓት እንደደረሳቸው አስቡት። ከዚያ ራይ በራሱ ስም ካናዳ መግባት ፈለገና በ2003 ፕሮግራሞቹን ከቴሌላቲኖ ላይ አነሳ። የካናዳው የሥርጭት ተቆጣጣሪ በ2004 አይሆንም አለ፣ ሕዝቡ ተንጫጫ፣ ፊርማ ተሰበሰበ፣ ፖለቲከኛው ሁሉ ገባበት፣ በ2005 ተፈቀደ። በመሃል ያለውን ጊዜ እኔ ነኝ የበላሁበት፣ ሰው ሁሉ የአሜሪካ ዲሽ በጓሮ ይፈልግ ነበር።

ታዲያ ያን ሁሉ ጦርነት ተዋግተው ሲገጠምላቸው ምን ያያሉ? ኳስ፣ የዘፈን ምሽት፣ ዜና፣ የእሁድ ቅዳሴ። ልጁን ያን ሰዓት ላይኛው ፎቅ በእንግሊዝኛ ካርቱን ታገኘዋለህ። በኋላ ያው የቴሌላቲኖ ቤት ቴሌቢምቢ የሚባል የልጆች ቻናል አወጣ፣ ስሙ "ቴሌ ሕፃናት" እንደማለት። ተመዝግበው ያስገጠሙኝን በጣቴ እቆጥራቸዋለሁ። ጊዜው አልፎ ነበር፣ ቻናሉ ሲመጣ ልጆቹ አድገው የራሳቸውን ልጅ ይዘው ነበር፣ በእንግሊዝኛ።

ሌላው ካሴት ነው። ከጣልያን ዘመድ የልጆች ፕሮግራም ቀድቶ ይልክላቸዋል፣ እዚህ ሲያስገቡት ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወደ ላይ ይንከባለላል። የአውሮፓ ካሴት ፓል በሚባል አሠራር ነው የሚቀዳው፣ የዚህ አገር ማጫወቻ ደግሞ ኤንቲኤስሲ የሚባለውን ነው የሚያነበው፣ አይግባቡም። የአዲስ አበባ የሰርግ ካሴት ዲሲ ሲገባ ያለቀሳችሁ ታውቁታላችሁ። ስንት የጣልያን ምድር ቤት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ያልታየ ካሴት ተደርድሮ አይቻለሁ።

ሁለት_መንታ፦
ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ሁላችሁም ቴሌቪዥኑን ረገማችሁት፣ እኔ ግን አልስማማም። መጀመሪያ ነገር የጣልያን የልጅ ገጸ ባሕርይ ዓለምን የዞረው ጣልያንኛውን አውልቆ ነው። ቶፖ ጂጆ የሚባለው አይጥ በ50ዎቹ መጨረሻ ተፈጠረ፣ በ60ዎቹ ኤድ ሱሊቫን ሾው በሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ወጥቶ አሜሪካ ሁሉ ወደደው፣ ግን የሚያወራው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። ዊንክስ የምትባለው ካርቱንም ከጣልያን ወጥታ ልጆቼ ያዩዋት በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ኒውጀርሲ ያለ ጣልያን ልጅ "የኛ" የሚለው አይጥ ራሱ እንግሊዝኛ የሚሰባብር ስደተኛ ነበር። ጥፋቱ የቴሌቪዥን አይደለም፣ ማን ጋ ለመሸጥ እንደተሠራ ነው።

ሁለተኛ፣ መንትዮቼ አማርኛ ይናገራሉ፣ ግማሹን ያስተማረቻቸው ቀጭኔዋ ናት፣ ጸሐይ መማር ትወዳለች። ግን ከፍቼ አልሄድኩም። አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ፣ ስትጠይቅ አቆመዋለሁ፣ እስኪመልሱ አልቀጥልም። ያለቅሳሉ፣ ይናደዳሉ፣ በመጨረሻ ይመልሳሉ። አባባ ተስፋዬም "እንደምን አላችሁ ልጆች" ብለው ትንሽ ዝም ይሉ የለ? እኛ በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ፊት ቆመን መልስ እንሰጥ ነበር እኮ፣ እንደሚሰሙን ነው የምናስበው።

ስለዚህ ቡና ቁርስ፣ ራስሽን እያታለልሽ አይደለም፣ ግን ሽንኩርቱን ይዘሽ ወደ ሳሎን ነይ።

ያራ_ወንዝ፦
ሜልቦርን። አጭር ናት። አውስትራሊያ በ1980 ኤስቢኤስ የሚባል ብዙ ቋንቋ ያለው የመንግሥት ቴሌቪዥን ከፍታለች፣ የጣልያን ዜናና ፊልም በነፃ፣ ዲሽ ሳይፈለግ። ጣልያንኛ ትምህርት ቤትም በሰፊው ይሰጣል፣ የኔ ልጅ ራሷ ትማራለች (አማርኛ የለም፣ ጣልያንኛ አለ፣ ምን ይደረግ)። ሆኖም በቆጠራው ቤት ውስጥ ጣልያንኛ የሚናገረው በ2001 ከ350 ሺህ በላይ ነበር፣ በ2021 ወደ 228 ሺህ ወረደ። ትልልቆቹ እየሞቱ ነው። ቻናል አሰማቸው እንጂ ተናጋሪ ልጅ አልወለደላቸውም።

ቡና_ቁርስ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የዙሪኳን ሌሊት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሁን ጉዱን ስሙ።

የቲቪ ጠጋኝን ካነበብኩ በኋላ አያትየዋን ካሴት አለዎት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ደረጃ ሥር ገብተው ከገና ዛፉ ኋላ የጫማ ካርቶን አወጡ። ሰባት ካሴት። አክስታቸው በ1987 ከቴሌቪዥን ቀድተው የላኩት ዜኪኖ ዲኦሮ ነው። ለማታውቁት የልጆች ዘፈን ውድድር ነው፣ በ1959 የጀመረ፣ ቦሎኛ የሚሠራ፣ ዳኞቹም ልጆች ናቸው፣ የሚሸለመውም ዘፋኙ ልጅ ሳይሆን ዘፈኑ ነው። ለልጃቸው ነበር የተላከው፣ ለዚያችው ሽሮፕ ለምታዘኝ እናት፣ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። አንዴ አስገቡት፣ ምስሉ ተንከባለለ፣ አወጡት። በቃ። 38 ዓመት ካርቶን ውስጥ።

ቲቪ ጠጋኝ በውስጥ መስመር አድራሻ ሰጠኝና አንዱን አስቀየርነው (እግዜር ይስጥህ፣ ገንዘብም አልተቀበለኝ)። ትናንት ምድር ቤት ከፈትነው። አያትየዋ ባቄላውን ትተው ቆሙ። መዘምራኑ ከመጀመራቸው በፊት ቀድመው ጀመሩ፣ አንዳንዱን ዘፈን መንደራቸው ሳሉ በሬዲዮ ሰምተውት ነው መሰለኝ፣ አላውቅም፣ ብቻ ዕንባቸው እየወረደ ይዘፍናሉ። አንዱ ዘፈን ላይ ድመት አለ። እሳቸው "ጋቱ" እያሉ ይዘፍናሉ፣ ጮክ ብለው፣ የድሮ ሬዲዮ እንዳልከው በ"ኡ"።

ልጁ ምንጣፉ ላይ ብድግ አለ። "ጋቶ፣ ኖና! ጋቶ! ኖን ሲ ዲቼ ጋቱ!" እንዲህ አይባልም እኮ ነው የሚላቸው። በጣልያንኛ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፉ ያልወጣው ዓረፍተ ነገር አያቱን ለማረም ወጣ።

እሳቸው ምን አሉ? "ጋቱ!" ብለው ባቄላ ወረወሩበት። እሱም "ጋቶ!" አለ። እስከ እራት ሲጨቃጨቁ ዋሉ፣ እናትየዋ ገብታ ደረጃው ላይ ኮቷን እንደለበሰች ቆማ ቀረች።

ስድስት ካሴት ይቀራል። ቲቪ ጠጋኝ፣ ቅዳሜ ላምጣልህ?

ቲቪ_ጠጋኝ፦
አምጪው። ግን ሻጋታ ያለውን ማጫወቻ ውስጥ እንዳታስገቢ፣ ቴፑን የሚያነበውን ሄድ ያበላሸዋል። መስኮቱ ላይ ቴፑን በብርሃን እዪው።

ቡና_ቁርስ፦
ሻጋታው ምን ይመስላል? ሁለቱ ላይ ነጭ ነጭ ነገር አለ፣ ዱቄት መስሎኝ ነበር።